ሸረሪት የበዛበት መስከረም

ገርጂ፣ መስከረም 14 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለምወድህ ልጄ ለዓለምሰገድ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? ያለህበት አገር ብርዱ አጥንት ይሰብራል ይሉናል፤ ቸሩ አምላክ እሱ ልብስ ይሁንህ። እኔም ጋሽህም አለን፤ ይመስገነው።

ይህ የራሴ እጅ ነው። በመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀት ስለተሰጠኝ ከእንግዲህ ሰው አላስቸግርም። ፊደሌ ቢወላገድ እንዳትስቅብኝ። እናትህ፣ እህቴ፣ አንተን አራስ ቤት ትታብኝ ስታርፍ ይህን አላወቅሁም ነበር፤ ለልጇ በእጄ ደብዳቤ እጽፋለሁ ብዬ አላሰብኩም።

የምጽፍልህ ነገር ትንሽ ነው፤ ግን ደክሞኛል። ክረምቱ ሲወጣ ሸረሪት እንደሚበዛ አንተም ታውቃለህ። የዘንድሮው ግን ሌላ ነው። ከቅንጭቡ አጥር እስከ ማገዶው ክምር፣ ከማገዶው እስከ ቤቱ ጣሪያ፣ ድር ያልተወጠረበት ቦታ የለም። ማለዳ በር ስከፍት ፊቴ ላይ ይጠመጠማል። ቀን ስጠርግ እውላለሁ፤ ሲነጋ ያው ነው። ባለፈው ከኮርኒሱ አቡጀዲ ላይ አንዷ፣ ሆዷ የባቄላ ፍሬ የሚያህል፣ ጉንጬ ላይ ወደቀችብኝ። ከዚያን ዕለት ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ጋሽህ ላይ እየጮህኩበት ነው። «ይህን ቤት አንተ ሠራኸው፣ አንተው አጽዳው» እለዋለሁ። እሱ መጥረጊያውን አንስቶ ይወጣል፤ ጠባዩን ታውቀዋለህ።

እሱም ቢሆን ከዓይኑ ሥርና ከአንገቱ ላይ ቆዳው ተልጦ ውሃ ቋጠረ። ጎረቤቱ ሁሉ ሸረሪት ሸንታበት ነው ይላል። የድሮው ሳሉም አልለቀቀውም። በገበሬ ማኅበሩ የእህል መጋዘን ዘበኝነቱን ግን አላቆመም።

አንተ እዚያ የምትማረው ስለ ተባይ ነው ብለኸኝ ነበር። ለሸረሪት መድኃኒቱ ምንድን ነው? ቶሎ ጻፍልኝ። ደብዳቤው እንደ ወትሮው በጉርድ ሾላው በኑሪ ሱቅ ይምጣልን። ኑሪ ሰላም ብሎሃል።

የማይተኛ ጠባቂ መልአክ ከአጠገብህ አይለይ።

አክስትህ አሰገደች

(ልጄ፣ አሰገደች ታጋንናለች። ሸረሪቱ ወቅቱን ጠብቆ ይሄዳል። አንተ በትምህርትህ በርታ። ገረመው)


ፕሎቭዲቭ፣ ቡልጋሪያ፣ ኅዳር 2 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለውድ አክስቴ ለእትዬ አሰገደች፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ጋሽ ገረመውንም እጅ ነሥቻለሁ። እኔ ደህና ነኝ፤ ያሳደጉኝ እጆች አይታመሙ።

ደብዳቤዎ ስድስት ሳምንት ፈጅቶ፣ ፖስታው ተከፍቶ እንደገና ተለጥፎ ደረሰኝ። በራስዎ እጅ መጻፍዎን ሳይ ክፍል ገባሁና በሩን ዘጋሁ። ከዚህ በላይ አልናገርም።

ስለ ሸረሪቱ አይጨነቁ፤ ቀላል ነገር ነው። ጋሽ ገረመው በሚጠብቁት መጋዘን ውስጥ እህሉን ከነቀዝ የሚከላከሉበት ዱቄት አለ አይደል? ከእሱ ጥቂት ይጠይቁ። ከኮርኒሱ በላይ፣ በግድግዳው ስንጥቅና በበሩ መቃን ላይ ይነስንሱት። ሸረሪት ነቀዝን የሚገድል ነገር አይችልም፤ በሁለት ቀን ያልቃል። እዚህ የምንማረው ይህንኑ ነው። ዘመናዊ ግብርና ማለት ተባይን በዕውቀት ማሸነፍ ነው።

እኛ ጠዋት ጠዋት አትክልት በሚበቅልበት የመስታወት ቤት ውስጥ ቲማቲም እንለቅማለን፤ ከሰዓት በኋላ ትምህርት ነው። ቋንቋው እስካሁን ምላሴ ላይ አልለሰለሰም። ይደክመኛል። ግን ለዚህ ነው የመጣሁት።

ለእናንተ ደህና እንቅልፍ የሚመኝ፣

ልጅዎ ዓለምሰገድ


ፕሎቭዲቭ፣ ኅዳር 19 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለእትዬ አሰገደች፣

ሰላምታዬን አሳጥሬ መጻፌን ይቅር ይበሉኝ። ከሁለት ሳምንት በፊት የጻፍኩት ደብዳቤ ደርሶዎት ከሆነ፣ ዱቄቱን እንዳትጠቀሙበት። እለምንዎታለሁ። ቤት ውስጥ፣ ሰው በሚተኛበት፣ ምግብ በሚቀመጥበት የሚነሰነስ ነገር አይደለም። ሳል ላለበት ሰው ደግሞ ጨርሶ ክልክል ነው።

ትናንት ከክፍል በኋላ መምህራችንን ስለ ቤታችን ጠየቅኋት። አሮጊት ናት፤ ብዙ አትስቅም። «ሸረሪቱ ምን እየበላ እንደበዛ ጠይቀሃል?» አለችኝ። አልጠየቅሁም ነበር። ዝናቡ ሲያባራ ዝንቡም ትንኙም ስለሚበዛ ሸረሪቱ ለእሱ ብሎ ይመጣል፤ ደረቁ ብርድ ሲጠና ደግሞ በራሱ ይቀንሳል። ጋሽ ገረመው ላይ የወጣውን ስነግራት «ይህ የሸረሪት ሥራ አይደለም» አለች። ቀይና ጥቁር የሆነች፣ ጉንዳን የምትመስል ትንሽ ጥንዚዛ አለች፤ ሰውነት ላይ ስትደፈጠጥ ፈሳሿ ያቃጥላል። መድኃኒቱ ቶሎ በሳሙና መታጠብ ነው። ሸረሪቱ እንዲያውም እሷን ሳይበላ አይቀርም።

ድሩን በመጥረጊያ ብቻ ይጥረጉ። ሌላ ምንም አያድርጉ። ይህ ደብዳቤ እንደደረሰዎ አንድ መስመር ይጻፉልኝ።

ዓለምሰገድ


ገርጂ፣ ጥር 10 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለልጄ ለዓለምሰገድ፣

እንደምን ከርመሃል? ልደትን እንዴት አሳለፍከው? እዚያ በዓል የለም ይባላል፤ እኛ ግን ስምህን ጠርተን ነው የቆረስነው።

የኅዳሩ ደብዳቤህ በታኅሣሥ መጀመሪያ ደረሰን። ደጋግሜ አነበብኩት፤ ለጎረቤትም አነበብኩላቸው። «ዘመናዊ ግብርና» የምትለዋን ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። ብርዱ ሲገባ ውጭ ያሉት ሸረሪቶች ቀነሱ፤ ቤት ውስጥ ያሉት ግን ባሰባቸው። ስለዚህ ጋሽህ የማኅበሩን ሊቀ መንበር ጠይቆ ዱቄቱን በቆርቆሮ ጣሳ ተሰጠው። እኔ አያት ሰፈር ሄጄ ነበር፤ የጋሽህ እህት ገንዘቤ ታማብኝ ሁለት ቀን አስታመምኳት። በታኅሣሥ 23 ስመለስ ከመደቡ በቀር ቤቱ ነጭ ሆኖ ጠበቀኝ። ዱቄቱን በወንፊት ነስንሶ፣ ኮርኒሱን ቀዶ ከበላዩ ሁሉ ገብቶበት ነበር። ሸረሪቱን በአካፋ አውጥቶ ቀበረው። አንድ ቁና ይሞላ ነበር አለኝ።

ዕድሜ ይስጥህ። በዚያች ሌሊት ተኛሁ።

ሦስት ዶሮዎች ሞቱብን፤ የወደቀውን ሸረሪት ለቅመው ነው መሰለኝ። ዝንብ ደግሞ በጥር ያለ ወጉ በዝቷል። ጋሽህ ትንሽ ያስለዋል፤ ትንፋሹም ያጥረዋል። ቅዝቃዜው ነው ይላል። ነጭ ሽንኩርትና ማር እየሰጠሁት ነው።

ሌላ ምንም አልፈልግም። ብቻ ለደረት የሚሆን መድኃኒት እዚያ ካለ ላክልን።

የሰላም ዓመት ያድርግልህ።

አክስትህ አሰገደች

(ቤቱ ጸድቷል። አትጨነቅ። ገረመው)


ፕሎቭዲቭ፣ መጋቢት 6 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለእትዬ አሰገደች፣

እንደምን አሉ? ጋሽ ገረመው እንዴት ናቸው? የጥር ደብዳቤዎ ትናንት ደረሰኝ፤ ከዚያ ወዲህ እንጀራ አይሉት ዳቦ በአፌ አልዞረም።

ሁለተኛው ደብዳቤዬ አልደረሰዎትም ማለት ነው። በኅዳር 19 ጽፌ ነበር። ዱቄቱን አትንኩ ብዬ ነበር። አሁን ይህን ያድርጉ፦ አቡጀዲውን በሙሉ አውርደው ከቤት ርቆ ይቀበር፤ አይቃጠል። መደቡንና ወለሉን በውሃ ያጥቡት። ፍራሹን፣ ጋቢውን፣ የእህሉን ዕቃ ሁሉ ፀሐይ ላይ ያውጡ። ወንፊቱን ይጣሉት፤ ዱቄት አይንፉበት። ጋሽ ገረመው ደግሞ ዛሬ ነገ ሳይባል ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ ምን እንደነሰነሱ ለሐኪሙ ይንገሩት።

የደረት መድኃኒት ገዝቻለሁ፤ ወደ አዲስ አበባ በሚመለስ ልጅ እጅ ልኬዋለሁ፤ ኑሪ ሱቅ ያደርሰዋል። እባክዎን ጋሽ ገረመው ራሳቸው ስለ ጤናቸው ሁለት መስመር ይጻፉልኝ። የእሳቸውን ቃል ካላየሁ አላምንም።

ልጅዎ ዓለምሰገድ


ገርጂ፣ ሚያዝያ 28 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለልጄ ለዓለምሰገድ፣

ሰላምታዬ ይድረስህ። ደብዳቤህ ደርሶኛል። መልሱን ያዘገየሁት ትንሣኤም ስለነበረ፣ የቤት ሥራም ስለበዛብኝ ነው።

ያልከውን ሁሉ አድርጌአለሁ። አቡጀዲውን ከወንዙ ማዶ ቀበርኩት። ቤቱን ሦስት ጊዜ አጠብኩ። ገንዘቤ ከአያት መጥታ አብራኝ ናት፤ ሥራውን አግዛኛለች። ቤቱ ሰፍቶናል።

መድኃኒቱን ያ ልጅ አምጥቶታል፤ እግዜር ይስጠው። ጋሽህ ሐኪም ዘንድ ሄዷል። አሁን ሳል የለበትም። ስለ እሱ አታስብ።

አንድ ነገር ልለምንህ። ከእንግዲህ ፖስታው ላይ በእኔ ስም ብቻ ጻፍ። የኑሪ ሱቅ ሰው ይበዛበታል፣ ስም ሲበዛ ይምታታል። ፈተናህ መቼ ነው የሚያልቀው? ቀኑን ጻፍልኝ። እስኪያልቅ ሌላ ሐሳብ አታስገባ። ገንዘብም ዕቃም አትላክ፤ ምንም አልጎደለብኝም።

ያሰብከው ይሙላልህ።

አክስትህ አሰገደች


ፕሎቭዲቭ፣ ሰኔ 20 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለእትዬ አሰገደች፣

ለጤናዎ እንደምን ነዎት?

ደብዳቤዎን እየደጋገምኩ አነበብኩት። «ቤቱ ሰፍቶናል» ይላሉ። «በእኔ ስም ብቻ ጻፍ» ይላሉ። ጋሽ ገረመው እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ ከደብዳቤዎ ግርጌ ሳይጽፉልኝ ቀርተው አያውቁም፤ አሁን የሉበትም። እትዬ፣ እኔ ልጅ አይደለሁም። ከእኛ ጋር የሚማር የጎንደር ልጅ አባቱ ከሞቱ ከዓመት በኋላ ነው መርዶ የደረሰው፤ ያን ሁሉ ወር ለሞተ ሰው ሰላምታ ሲልክ ነበር። እኔን እንደዚያ አያድርጉኝ።

ጋሽ ገረመው በሕይወት አሉ ወይስ የሉም?

ፈተናዬ በሐምሌ 10 ያልቃል። መልስዎ ከዚያ በኋላ እንደሚደርስ አውቃለሁ። ስለዚህ ከፈተናው ጋር አያያይዙት፤ እውነቱን ብቻ ይጻፉልኝ።

ዓለምሰገድ


ገርጂ፣ ነሐሴ 4 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለልጄ ለዓለምሰገድ፣

ልብህን አጽንቶ ያቁምልህ። ብቻህን ከሆንክ ይህን አታንብ፤ ያን የጎንደሩን ልጅ ጥራና አጠገብህ ተቀመጡ።

ጋሽህ በየካቲት 19፣ ዓርብ ዕለት፣ ዐረፈ። ሆስፒታል ሦስት ቀን ተኝቶ ነበር። አልተሠቃየም ብዬ አልዋሽህም፤ ትንፋሹ ሲያጥረው ግድግዳውን ይዞ ይቆም ነበር። በመጨረሻዋ ቀን ግን ተኝቶ ነው። እጁ በእጄ ነበር። የቀበርነው በደብራችን ነው፤ ሕዝቡ ብዙ ነበር፤ የማኅበሩ ሰዎች ሁሉ ነበሩ። ኑሪም ሱቁን ዘግቶ መጥቶ ቅጥሩ በር ላይ ቆሞ ዋለ።

ዱቄቱ ነው ወይ የምትለውን አውቃለሁ፤ እኔም ሐኪሙን ጠየቅሁት። «ሥራቸው ምን ነበር?» አለኝ። «የእህል መጋዘን ዘበኛ» አልኩት። «ስንት ዓመት?» «ስድስት።» እሱን ጻፈ። ከዚያ ቤት ውስጥ ስለነሰነሰው ዱቄት ነገርኩት። እስክሪብቶውን አስቀመጠና «ሳንባቸው ቀድሞ የተጎዳ ነው፤ ይህ ደግሞ አልረዳቸውም» አለኝ። ከዚህ የበለጠ አልነገረኝም። እኔም ከዚህ የበለጠ አላውቅም።

ፈተናህን እንዳላሰናክል ብዬ ነው የደበቅሁህ፤ እንዲህ ብዬ ለገንዘቤም ለጎረቤቱም ነግሬአቸዋለሁ። ግን እውነቱ ሌላም አለበት። መርዶውን ከጻፍኩልህ ይህንንም መጻፍ ስለሚኖርብኝ ነው የፈራሁት።

ሁለተኛው ደብዳቤህ ደርሶ ነበር።

አርባው ካለፈ በኋላ ልብሱን ለነዳያን ልሰጥ ሳወጣ፣ የዘበኝነት ካፖርቱ ደረት ኪስ ውስጥ አገኘሁት። ተከፍቷል። የኅዳር 19ኙ ነው። እዚያው መደቡ ላይ ተቀምጬ አነበብኩት። በማግስቱ ጉርድ ሾላ ድረስ በእግሬ ሄጄ ኑሪን ጠየቅሁት። ኑሪ አላመነታም፤ እሱም ይህን የሚነግረው ሰው ሲፈልግ ነበር መሰለኝ።

«በታኅሣሥ 20 ነው የሰጠኋቸው» አለኝ። «እዚሁ ባንኮኒው ላይ ተደግፈው አነበቡት። ልጁ ደህና ነው ወይ ጋሽ ገረመው አልኳቸው። ‹ደህና ነው፤ ዱቄቱን አትንኩ ይላል› አሉኝ። እንግዲያው ይተዉታ አልኳቸው። ‹አሰገደች እንቅልፍ ካጣች ሦስት ወሯ ነው ኑሪ። መድኃኒት ተገኘ ብላ ለጎረቤቱ ሁሉ አንብባለች። አሁን መድኃኒት የለም ልበላት? አያት ሄዳለች። ሳትመለስ አፍንጫዬን በሻሽ አስሬ በአንድ ቀን እጨርሰዋለሁ› አሉኝ።»

ያደረገው ይህንኑ ነው። እኔ የሌለሁበትን ቀን መረጠ፤ ዱቄቱ እኔ ላይ እንዳይደርስ ነው። ጣሪያውን ጨርሶ፣ ሸረሪቱን ቀብሮ፣ መደቡን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ ጠበቀኝ። እኔም ገብቼ «ተመስገን፣ ዛሬ ሰው ሆንክ» አልኩት። ሠላሳ አንድ ዓመት ከኖርን በኋላ ያልኩት ይህንን ነው።

ስለዚህ ልጄ፣ በአንተ ምክር አልሞተም። ምክርህን ሽረህ ነበር፤ መሻርህንም ያውቅ ነበር። እዚያ ጣሪያ ላይ ያወጣው የእኔ ጩኸት ነው። ይህን የምነግርህ እንድታጽናናኝ አይደለም። ሸክሙን አንተ ያለ ቦታው እንዳትይዘው ነው።

ክረምቱ ሊወጣ ነው። ቅንጭቡ ላይ ድሩ ጀምሯል። ገንዘቤ መጥረጊያ ስታነሳ ተይው አልኳት። አልፈራቸውም አሁን። የሚያስፈራኝ ሌላ ሆኗል፤ ማታ ማታ በሩ ሲዘጋ ከውስጥ የሚስል ሰው የለም።

ደብዳቤህን ከዳዊቴ ጋር አስቀምጬዋለሁ። ዕንባህን የሚያብስ እሱ ራሱ ይሁን።

አክስትህ አሰገደች


ፕሎቭዲቭ፣ መስከረም 20 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለእናቴ ለእትዬ አሰገደች፣

እግዚአብሔር ያጽናዎት። እኔንም ያጽናኝ።

እንዳሉኝ የጎንደሩን ልጅ ጠርቼ ነው ያነበብኩት። ልጁ ዘርአጽዮን ይባላል። አንብቤ ስጨርስ ተነስቶ የክፍሉን ፍራሽ ወደ እኔ ክፍል ጎትቶ አመጣና ለሰባት ቀን እዚያው መሬት ላይ አደረ። ሌሎቹም ያገራችን ልጆች እየመጡ ተቀመጡ። ይህን የምጽፍልዎ ለጋሽ ገረመው እዚህም ያገር ሰው እንደደረሰላቸው እንዲያውቁ ብዬ ነው።

እርስዎ የደበቁትን ነግረውኛል። እኔም የምነግርዎ አለ።

የመጀመሪያውን ደብዳቤ ስጽፍ ምንም አላውቅም ነበር። «እዚህ የምንማረው ይህንኑ ነው» ብዬ ነበር፤ ውሸት ነው። ገና ስለ ተባይ አንድ ትምህርት አልጀመርንም ነበር፤ ዓመቱን ሙሉ ቋንቋና ቲማቲም ለቀማ ነበር። በራስዎ እጅ «አንተ የምትማረው ስለ ተባይ ነው» ብለው ሲጽፉልኝ፣ አላውቅም ብዬ መመለስ አፈርኩ። ጋሽ ገረመው ለጎረቤት የሚያወሩለት ልጅ መሆን ፈለግሁ። ስለዚህ ከራሴ አውጥቼ ጻፍኩ። ከዚያ ሁለት ሳምንት ሙሉ ነገሩ ሲከነክነኝ ቆይቶ ነው መምህራችንን የጠየቅኋት። በመጀመሪያው ቀን ብጠይቃት ኖሮ ያ ዱቄት ከመጋዘኑ አይወጣም ነበር።

ስለዚህ እትዬ፣ ሸክሙን ብቻዬን ልያዘው አይበሉ። ሦስታችንም አለንበት፤ እሳቸውም ጭምር። እርስዎ ጮኹ፣ እኔ ዋሸሁ፣ እሳቸው ደበቁ። ክፋት ያሰበ ግን ከመካከላችን የለም። ይህን ለራሴ ስል ደጋግሜ እላለሁ፤ አንዳንድ ቀን አምነዋለሁ፣ አንዳንድ ቀን አላምነውም።

ፈተናውን አልፌአለሁ። አሁን የማጠናው የመጋዘን እህል ጥበቃን ነው፤ ራሴ ጠይቄ ነው የተቀየርኩት። መምህራችን ለምን ብላ አልጠየቀችኝም። ዘንድሮ እጨርሳለሁ። በሐምሌ ቦሌ እደርሳለሁ።

መምጣቴን ለማንም አይንገሩ። ድንኳን አይተከል፣ ጎረቤት አይጠራ፣ አውሮፕላን ጣቢያም አይምጡ። ከቦሌ በእግሬ እመጣለሁ። በሩን ገርበብ አድርገው ቤት ይቆዩኝ። ለጋሽ ገረመው እርስዎም ሰው ፊት ነው ያለቀሱላቸው፣ እኔም ሰው ፊት ነው ያለቀስኩላቸው። አሁን ሁለታችን ብቻ እናልቅስላቸው።

ልጅዎ ዓለምሰገድ